ያልተራበው ልጅ ለምን ሰረቀ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ሰፈራችን ውስጥ ጥቃቅን ስርቆት በዝቷል። አንድ ቀን ጫማ ከበር ላይ፣ ሌላ ቀን ልብስ ከገመድ ላይ፣ ሲላቸው ደግሞ ብስክሌት ይሄዳል። በቅርቡ አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ስልክ ሞጭልፎ ሲወጣ ተያዘ። ልጁን እናውቀዋለን፤ የጎረቤት ልጅ ነው። ወላጆቹ ሠርተው የሚያድሩ ናቸው፣ ተርቦም አያውቅም። ገሚሱ ሰው ‹ተገርፎ ይማር› ይላል። ገሚሱ ደግሞ ‹ኑሮ ያመጣው ነው› ይላል። ለመሆኑ ሰው ለምን ይሰርቃል? እኛስ ምን ብናደርግ ይሻላል?»

ሙያዬ የወንጀል ጥናት ነው፤ ይህ ጥያቄ በተለያየ መልክ ደጋግሞ ይመጣልኛል። ሁልጊዜ አንድ ነገር ይገርመኛል። ሁሉም ሰው ስለ ሌባው ይጠይቃል። ያን ስልክ ሊገዛ ስለነበረው ሰው የሚጠይቅ ግን የለም። በእኔ እምነት የሰፈራችሁ ችግር ዋናው ቋጠሮ እዚያ ጋ ነው፤ እደርስበታለሁ። ልጁን ግን ላስቀድም፤ የእሱ ጉዳይ ለነገ የሚባል አይደለም። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

በልጅነቱ እንቁላል ሰርቆ ሲመጣ እናቱ ዝም ስላለችው፣ አድጎም በበሬ ስርቆት ሊሰቀል ሲል «እናቴ፣ ያኔ በእንቁላሉ በቀጣሽኝ!» ስላለው ሰው የሚነገረውን ተረት ሁላችንም እየሰማን ነው ያደግነው። ተረቱ እውነት አለው። ትንሽ ስርቆት ታይቶ እንዳልታየ መታለፍ የለበትም። ነገር ግን እንቁላል የወሰደ ልጅ ሁሉ በሬ አይነዳም። አብዛኛው እንቁላሉ ላይ ያቆማል።

ይህን ያወቅነው ዛሬ አይደለም። ቤልጂጋዊው የስታትስቲክስ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ በ1831 የፈረንሳይ ፍርድ ቤቶችን መዝገብ በዕድሜ ከፋፍሎ አየ። ወንጀል በወጣትነት ሽቅብ ይወጣል፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ እየወረደ ይሄዳል። ከእሱ በኋላ ይኸው ቅርጽ በብዙ አገር ተገኝቷል። ተራ ስርቆትማ ከሌሎቹ ይቀድማል። በአሥራዎቹ አጋማሽና መጨረሻ ላይ ጣሪያ ይነካል፣ በሃያዎቹ ውስጥ ይረግባል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ቴሪ ሞፊት በ1993 እነዚህን ልጆች ለሁለት ከፈለቻቸው። ብዙዎቹ ጉርምስና ሲመጣ አጥፍተው፣ ጉርምስና ሲያልፍ የሚተዉ ናቸው። ጥቂቶቹ ግን ገና በልጅነት ጀምረው እስከ ጎልማሳነት ይዘልቃሉ። እነዚህኞቹ ከስርቆቱ በፊት ሌላ ምልክት ያሳያሉ። አሥር ዓመት ሳይሞላቸው ድብድብ ይጀምራሉ፣ ትምህርት ይከብዳቸዋል፣ ግልፍተኞች ናቸው፣ ቤታቸውም ብዙ ጊዜ የታወከ ነው።

የእናንተ ልጅ ከየትኛው ነው? ከጻፉልኝ ተነስቼ ስገምት ከመጀመሪያዎቹ ይመስለኛል። እስቲ ከማን ጋር እንደሚውል ይዩ። በዚህ ዕድሜ ስርቆት ብዙውን ጊዜ ለብቻ የሚሠራ ነገር አይደለም። አንዱ ይጠቁማል፣ አንዱ ይወስዳል፣ ሌላው ይስቃል። ዕቃው ከዋጋው ይልቅ ወኔ ማሳያ ይሆናል። ልጁ ለብቻው ሲሆን የማያስበውን ነገር ሦስት ጓደኞቹ ሲያዩት ላፍ አድርጎ ይሄዳል።

«ተገርፎ ይማር» ለሚሉት ጎረቤቶች ደግሞ ይህን ይንገሩልኝ። ልጆችን በማስፈራራት ከወንጀል ለማራቅ የተሞከረበት ዝነኛ ፕሮግራም አለ። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ፣ በኒው ጀርሲው ራህዌይ እስር ቤት ነው የተጀመረው። ያጠፉ ልጆች ወደ እስር ቤቱ ይወሰዳሉ። የዕድሜ ልክ እስረኞች ይጮኹባቸዋል፣ እስር ቤት ምን እንደሚመስል እያሳዩ ያስደነግጧቸዋል። ሐሳቡ ለጆሮ ይጥማል፣ ብዙ ቦታም ተቀድቷል። በኋላ በደንብ ተነጻጽሮ ሲጠና ግን የተወሰዱት ልጆች ካልተወሰዱት የባሰ አጥፍተው ተገኙ። ከክስ ጋር በተያያዘም ተመሳሳይ ነገር አለ። በ2010 የወጣ፣ የ29 ሙከራዎችን ውጤት ያሰባሰበ ጥናት ልጅን በመደበኛው የክስ ሂደት ማሳለፍ ጥፋትን እንደማይቀንስ አሳይቷል።

ቅጣት ይክበድ የሚለውም በታሪክ የተፈተነ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ እንግሊዝ ውስጥ በሞት የሚያስቀጡ ጥፋቶች ከ200 በላይ ነበሩ። ከሰው ኪስ ከአንድ ሽልንግ በላይ የሚያወጣ ነገር መስረቅ ያሰቅል ነበር። ኪስ አውላቂ ግን አልጠፋም። ምክንያቱ ደግሞ አስቂኝ ነው። በአንድ መሐረብ ሰው ማሰቀል የከበዳቸው የፍርድ ሸንጎ አባላት የዕቃውን ዋጋ ሆን ብለው ዝቅ አድርገው ይገምቱ ነበር። ሌባውም ይህን ያውቃል። የፓርላማ አባሉ ሳሙኤል ሮሚሊ በ1808 ያን የኪስ ስርቆት ሕግ አሰረዘው። ጣሊያናዊው ቼዛሬ ቤካሪያ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1764 የጻፈውን ዛሬም ጥናት ይደግፈዋል። ቅጣቱ ቢቀልም እንደማያመልጥ የሚያውቅ ሰው፣ ከባድ ቅጣት ካለበት ግን ማምለጥ ከሚችል ሰው ይልቅ እጁን ይሰበስባል።

ድብደባው ራሱ ወንጀል መሆኑን ደግሞ አትርሱ። መንጋ ከተሰበሰበ በኋላ ማን መቼ እንደሚያቆም አይታወቅም። በአንድ ስልክ ምክንያት ሰው የሞተበት ቦታ ብዙ ነው። የሞተው ሰው አንዳንዴ ሌባው እንኳን አልነበረም።

እና ምን ይደረግ? ስልኩ ቢመለስም ልጁ ራሱ ከባለቤቱ ፊት ይቁም። አብሮት ከወላጆቹ አንዱ ይኑር። የሰፈር ጉባኤ ግን አያስፈልግም። ባለቤቱ ያ ስልክ ቢጠፋ ምን እንደሚጠፋበት ይንገረው። ፎቶ፣ የሥራ ስልክ ቁጥሮች፣ የባንክ መልእክት፣ ያልተከፈለ ዕዳ። ልጁ ስልኩን ሲያነሳ ይህ ሁሉ አልታየውም፤ የታየው ዕቃው ብቻ ነበር። ከዚያ የሚክስበት ሥራ ይስጡት። ሥራው መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ይሁን። ሲጨርስ ጉዳዩ ተዘግቷል፣ ከዚያ በኋላ በየአጋጣሚው አይነሳበትም።

ይህ የዋህነት አይደለም። አጥፊና ተበዳይን ፊት ለፊት የሚያገናኙ እርቅ መሰል አሠራሮች በተለያዩ አገሮች በሙከራ ተፈትነዋል። ድጋሚ ጥፋትን በመጠኑ ይቀንሳሉ። ተበዳዮቹ ደግሞ በፍርድ ቤት ብቻ ከሄዱት ይልቅ ይረካሉ። አውስትራሊያዊው የወንጀል ጥናት ምሁር ጆን ብሬይዝዌይት በ1989 ልዩነቱን በደንብ አስቀምጦታል። አንዱ ዓይነት ማሳፈር ድርጊቱን ያወግዛል፣ ሰውየውን ግን መልሶ ይቀበላል። ሌላው ዓይነት ሰውየውን ራሱን «ሌባ» ብሎ ያትምበታል። ሁለተኛው ልጁን ከእናንተ ነጥቆ እንደሱ የታተመባቸው ልጆች ጋር ይወስደዋል። ስለዚህ ፎቶውን አንስታችሁ በየግሩፑ አትልቀቁ። ያ ፎቶ በኋላ ሥራ ሲፈልግ ተከትሎት ይሄዳል።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄ እንሂድ። ሰው ለምን ይሰርቃል?

ርሃብ እውነተኛ ምክንያት ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ጥሩ ምሳሌ ናት። ፊሎክሴራ የምትባል ጥቃቅን ነፍሳት የወይን እርሻዎችን አወደመች። በወይን የሚተዳደሩ አውራጃዎች ገቢያቸው ወደቀ። ተመራማሪዎች የዚያን ዘመን መዝገብ ሲያገላብጡ ስርቆቱ ጨምሮ አገኙት። የሰው አካልን የሚነካው ጥቃት ግን በአንጻሩ ቀንሷል። በዚያው ክፍለ ዘመን በጀርመኗ ባቫሪያም የእህል ዋጋ ሲወጣ ስርቆት ይወጣ ነበር። በእኛ ዘመን ደግሞ በአሜሪካዋ ኢሊኖይ የምግብ ድጎማ የሚሰጥበት ቀን በወሩ ውስጥ እንዲበተን ሲደረግ፣ በምግብ መደብሮች የሚፈጸም ስርቆት ቀነሰ። ወሩ መጨረሻ ላይ ባዶ ኪስ የሚቀር ሰው ምን እንደሚያደርግ ከዚህ በላይ ግልጽ ማስረጃ አይገኝም። የርሃብ ስርቆት በተወሰደው ዕቃ ይታወቃል፤ የሚበላ ነገር፣ ወተት፣ የሕፃን ፍላጎት ነው። እንዲህ ያለውን ሌባ ፖሊስ ጋ ከመውሰድ በፊት ቤቱን ማየት ይሻላል።

ነገር ግን «ኑሮ ነው» ብሎ ሁሉን ነገር መዝጋት አልወድም። አብዛኛው ድሃ አይሰርቅም። ስርቆትን በድህነት ብቻ ማስረዳት ሳይሰርቅ የሚኖረውን ብዙ ችግረኛ መስደብ ይሆናል። ደግሞም ሀብት ሲጨምር ስርቆት የጨመረበት ጊዜ አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ውስጥ ገቢም ትምህርትም አደገ፤ የቤት ስርቆትም አብሮ አደገ። ይህን እንቆቅልሽ የፈቱትን ሰዎች ትንሽ ቆይቼ አነሳቸዋለሁ።

ታዲያ ያልራበው ለምን ይሰርቃል? ሪቻርድ ራይትና ስኮት ዴከር የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ ከተማ ገና በሥራ ላይ ያሉ 105 የቤት ሌቦችን አነጋገሩ። ያልታሰሩ፣ እየሰረቁ ያሉ ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ የተናገሩት ተመሳሳይ ነው፤ ገንዘብ ያስፈልገኝ ነበር፣ ያውም አሁኑኑ። ገንዘቡ የሚሄደው ወዴት ነው? መጠጥ፣ ዕፅ፣ ከጓደኛ ጋር መዝናናት፣ የሚታይ ልብስ። የቤት ኪራይና የልጅ ወጪም አለበት፤ ግን ቀዳሚው እሱ አልነበረም። ሕይወታቸው በጥድፊያ የተሞላ ነው። ዛሬ ማታ እንጂ የሚቀጥለው ወር አይታያቸውም። ዛሬ በዚህ ላይ የቁማርና የውርርድ ዕዳን ልጨምርበት። የደበቀው ዕዳ ያለበት ሰው ከቤተሰቡ ነው የሚጀምረው። ቤት ውስጥ ገንዘብ በትንሽ በትንሹ የሚጎድል ከሆነ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

በዚህ ላይ ሌባው ለራሱ የሚነግረው ነገር አለ። ሰው ራሱን «እኔ ክፉ ነኝ» እያለ አይሰርቅም። የማኅበረሰብ ጥናት ምሁራኑ ግሬሻም ሳይክስና ዴቪድ ማትዛ በ1957 ያጠፉ ወጣቶች የሚያቀርቧቸውን ማመካኛዎች ለይተው አስቀመጡ። ጆሮ ላለው ሰው እነዚህ ነገሮች በየቤቱ ይሰማሉ። «ምን አማራጭ ነበረኝ?» «ምን ተጎዱ? እነሱ እንደሆነ ሌላ ይገዛሉ።» «እሱስ ቢሆን የሰው አይደል የሚበላው? የእጁን ነው ያገኘው።» «የሚከሱኝ ራሳቸው ሌቦች ናቸው።» «ለጓደኛዬ ብዬ ነው።» ልጁን ቁጭ አድርጋችሁ ስትጠይቁት ከእነዚህ አንዱን ያወጣዋል። ያኔ አትጩኹበት። የትኛውን እንደመረጠ አስተውሉ፣ መልስ የሚያስፈልገው እሱ ነውና። «ሌላ ይገዛሉ» ካለ የባለቤቱን ታሪክ መስማት ይጠቅመዋል። «ሁሉም ሌባ ነው» ካለ ደግሞ ከማን እንደሰማው ማሰብ ነው።

እዚህ ላይ ለትልልቆቹም አንድ ነገር ልበል። ልጆች እነዚህን ቃላት ከሰማይ አያወርዱም። አባት ከመሥሪያ ቤት ወረቀትና እስክሪብቶ እየያዘ ሲመጣ «የመንግሥት ነው» ሲል ይሰማሉ። እናት በትርፍ የተመለሰላትን መልስ ኪሷ ስትከት ያያሉ። ማንም ይህን ስርቆት አይለውም። ማመካኛው ግን አንድ ነው፣ ልጁም የሚቀዳው ማመካኛውን ነው።

«በሽታ ይሆን እንዴ?» ብለው የሚጠይቁ ወላጆች ስላሉ በአጭሩ ልመልስ። ክሌፕቶማኒያ የሚባል የታወቀ የአእምሮ ጤና ችግር አለ። ስሙን ያገኘው በ1838 ፈረንሳይ ውስጥ ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች የምርመራ መመሪያ እንደሚለው ከሕዝቡ ውስጥ ይህ ችግር ያለበት ከ0.3 እስከ 0.6 በመቶ ነው። ችግሩ ያለበት ሰው የማያስፈልገውን ዕቃ ይወስዳል። ከመውሰዱ በፊት ውጥረት፣ ሲወስድ እፎይታ፣ በኋላ ደግሞ ጸጸት አለው። ዕቃውን ይጥለዋል፣ ይደብቀዋል ወይም ተመልሶ ያስቀምጠዋል። አይሸጠውም። እጀ አመል ያለበት ሰው ሁሉ በሽተኛ አይደለም። ልጃችሁ ግን የማይጠቀምበትን ነገር እየሰበሰበ ከተጨነቀ ወደ ሥነ አእምሮ ባለሙያ ውሰዱት፤ የንግግር ሕክምናም መድኃኒትም የሚረዳው ሰው አለ።

ቃል ወደገባሁት እንቆቅልሽ፣ ሀብት እያደገ ስርቆት ለምን ጨመረ ወደሚለው፣ ልመለስ። በ1979 ሎውረንስ ኮኸንና ማርከስ ፌልሰን የተባሉ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁራን የሚከተለውን አሉ። ስርቆት እንዲፈጸም ሦስት ነገሮች በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ መገናኘት አለባቸው። ለመስረቅ የተዘጋጀ ሰው፣ የሚያጓጓ ዕቃ፣ የሚጠብቅ ዓይን አለመኖር። ከጦርነቱ በኋላ የሌቦቹ ቁጥር ባይጨምር እንኳ ሌሎቹ ሁለቱ ተለውጠዋል። ሴቶች ወደ ሥራ ወጡ፣ ቤቱ በቀን ባዶ ሆነ። ቴሌቪዥንና ሌላው ኤሌክትሮኒክስ ቀለለ፣ አንድ ሰው ተሸክሞት የሚሄድ ሆነ። ለስርቆት ይህ ይበቃል።

አጋጣሚ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከሚያሳዩ ታሪኮች የምወደው የምዕራብ ጀርመን ነው። በ1980 ያለ ሄልሜት ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው እዚያው መንገድ ላይ መቀጣት ጀመረ። ሕጉ የወጣው ጭንቅላት እንዳይሰበር ነው፤ ስለ ስርቆት ያሰበ ሰው አልነበረም። በስድስት ዓመት ውስጥ የሞተር ሳይክል ስርቆት ከቀድሞው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ቀረ። ነገሩ ቀላል ነው። አብዛኛው ሞተር የሚሰረቀው ታቅዶ ሳይሆን በአጋጣሚ ሲገኝ ነበር። ሄልሜት ይዞ የሚዞር የአጋጣሚ ሌባ የለም። ያለ ሄልሜት ቢነዳ ደግሞ ፖሊስ ወዲያው ያስቆመዋል። እነዚያ ሁሉ ሰዎች ወደ መኪና ወይም ብስክሌት ስርቆት ዞሩ? ባብዛኛው አልዞሩም። አጋጣሚው ሲዘጋ ብዙዎቹ ተዉት።

«አንዱን ብንዘጋ ሌላ ቦታ ይሄዳሉ» የሚለው ክርክር በየስብሰባው ይነሳል፤ እናንተም ስለዚህ ብትሰበሰቡ ይነሳል። በ2009 ሁለት ተመራማሪዎች 102 እንዲህ ያሉ፣ አጋጣሚን የሚዘጉ ሥራዎችን ገመገሙ። ወንጀሉ ወደ ሌላ የሄደባቸው ሁኔታዎች ሩብ ያህል ብቻ ነበሩ። በተመሳሳይ መጠን ደግሞ ምንም ያልተሠራበት አጠገብ ያለው ቦታ ሳይቀር ተጠቅሟል።

ለሰፈር ሥራ ግን ከሁሉ የሚያስተምረኝ የእንግሊዟ ሮችዴል ከተማ ኪርክሆልት የሚባለው የመኖሪያ መንደር ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ቤት መሰበር እጅግ በዝቶበት ነበር። አጥኚዎቹ ሲያዩ አንድ ጊዜ የተሰረቀ ቤት እንደገና የመሰረቅ ዕድሉ ከሌላው በጣም ይበልጣል። ሌባው ቤቱን አውቆታል፣ መንገዱን ለምዷል፣ ያልወሰደውም ነገር ትዝ ይለዋል። ስለዚህ በመላው መንደር ላይ ከመበተን ይልቅ ጥረታቸውን አንዴ በተሰረቁት ላይ አዋሉት። የተሰረቀው ቤት በር ወዲያው ይጠገናል። አጠገቡ ያሉት ስድስት ያህል ጎረቤቶች ያንን ቤት ብቻ ዓይናቸውን ይጥሉበታል። በየቤቱ ሳንቲም እየጎረሱ ጋዝና መብራት የሚሰጡ ቆጣሪዎች ነበሩ፤ ሌባው የሚፈልገው እነሱን ነበር፤ ተነሱ። በአምስት ወር ውስጥ የቤት ስርቆቱ ከቀድሞው 40 በመቶ ያህሉ ብቻ ቀረ።

ስለዚህ ለሰፈር ስብሰባ ከመቀመጣችሁ በፊት አንድ ወረቀት ላይ የሰፈሩን ካርታ ሳሉና የተሰረቀውን ሁሉ በቦታና በሰዓት አስቀምጡ። ምናልባት ሰፈሩ ሁሉ እየተሰረቀ አይደለም። ሁለት መተላለፊያ፣ አንድ አጥር የሌለው ጥግና ከሰዓት በኋላ ያሉት ሁለት ሰዓታት ሊሆኑ ይችላሉ። መብራትና ዓይን የሚያስፈልገው እዚያ ነው። ጫማው ወደ ውስጥ ይግባ፣ ብስክሌቱ ከማይነቀል ነገር ጋር ይታሰር። ይህ ሁሉ ተራ ነገር ነው፣ እዚህ ላይ አልቆይም።

የምቆየው ገዢው ላይ ነው። የወንጀል ጥናት ምሁሩ ሮናልድ ክላርክ በ1999 ሌቦች የሚመርጧቸውን ዕቃዎች ጠባይ ሲዘረዝር፣ ለመደበቅና ለማንሳት የሚቀሉ፣ በቀላሉ የሚገኙ፣ ዋጋ ያላቸውና የሚያስደስቱ ናቸው አለ። የመጨረሻው ግን በቶሎ መሸጥ መቻላቸው ነው። እሱ ከሌለ ሌሎቹ ብዙም ዋጋ የላቸውም። ያ ልጅ የተለበሰ ጫማ ምን ያደርግለታል? ጫማው ገንዘብ የሚሆነው አንድ ሰው «ስንት ነው?» ሲለው ነው።

ይህ አሮጌ እውቀት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ጆናታን ዋይልድ የሚባል ሰው ራሱን የሌባ አዳኞች ጄኔራል ብሎ ሾመ። ዕቃ የጠፋበት ሰው ቢሮው ይመጣል፤ እሱ በክፍያ «ፈልጎ» ያስገኝለታል። ሰው ያመሰግነው ነበር። ጉዱ ግን ሌቦቹ የራሱ ሠራተኞች ነበሩ። አልታዘዝም ያለውን ሌባ ለመንግሥት አሳልፎ ያሰቅለዋል፣ ለዚያም ሽልማት ይቀበላል። በ1725 እሱም ተሰቀለ። ለብዙ ዓመት የከተማዋን ስርቆት ያንቀሳቀሰው አንድ የተሰረቀ ዕቃ ተቀባይ ነበር። በ1998 ማይክ ሳተን የተባለው እንግሊዛዊ አጥኚ የሌቦችን የመሸጫ መንገድ አጥንቶ ፖሊስ ሌባውን ከማሳደድ ጎን ለጎን ገበያውን እንዲያጠብ ሐሳብ አቀረበ። ያነጋገራቸው ሌቦች ምን እንደሚሰርቁ የሚወስኑት ማን ምን እንደሚገዛቸው አይተው ነበር።

ስልክን ተመልከቱ። በ2013 አይፎን ላይ ባለቤቱ ካልፈቀደ ስልኩ እንደገና እንዳይከፈት የሚያደርግ መቆለፊያ መጣ። ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ2015 አጋማሽ ጀምሮ የሚሸጡ ስማርት ስልኮች እንዲህ ያለ መቆለፊያ እንዲኖራቸው በሕግ አስገደደች። በእነዚያ ዓመታት በኒው ዮርክ፣ በሳን ፍራንሲስኮና በለንደን የስልክ ስርቆት በግልጽ ቀነሰ። የሌቦቹ ጸባይ አልተሻሻለም። የተሰረቀውን ስልክ የሚገዛ ጠፋ። በኋላ ሌቦቹ ስልኩን ፈታትተው ዕቃውን ወደ መሸጥ ዞረዋል፣ አንዳንዱም የይለፍ ቁጥሩን ከጀርባ አይቶ ነው የሚነጥቀው። ቢሆንም ያ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ቀላል ሥራ አይደለም።

አሁን የማይወደድ ነገር ልናገር። የተሰረቀውን ጫማ፣ ልብስና ስልክ የሚገዛው ብዙውን ጊዜ ከሩቅ የመጣ ደላላ አይደለም። እዚያው ሰፈር ወይም ቀጥሎ ያለው ሰፈር ነው። ርካሽ መሆኑን አይቶ፣ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ የሚገዛ ጨዋ ሰው ነው። ልቡ ያውቃል። ሻጩ «አስቸኳይ ገንዘብ ስለፈለግሁ ነው» ይለዋል፣ እሱም ደስ እያለው ያምናል። በማግስቱ የራሱ ጫማ ሲጠፋ «ሌባ ፈጀን» ብሎ ከሁሉ ቀድሞ የሚጮኸው እሱ ሊሆን ይችላል። በአብዛኞቹ አገሮች ሕግ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የሚገዛ ሰው ራሱ ወንጀለኛ ነው። ይህን ግን በስብሰባ ላይ የሚያነሳ የለም፤ ሌባ የሌላ ሰው ልጅ ነው፣ ገዢ ግን እዚያው የተቀመጠ ሰው ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ነው። ልጁን ስታነጋግሩ ለምን ሰረቅህ ብላችሁ ብቻ አታቁሙ። ለማን ልትሸጠው ነበር በሉት። ጊዜ ስጡት፣ አታስጨንቁት። አንድ ስም ከነገራችሁ ከእሱ ይልቅ ያ ሰው ያሳስባችሁ። ከዚያ በሰፈር ደረጃ አንድ ነገር ተስማሙ፤ ያገለገለ ስልክ፣ ብስክሌትም ሆነ ሌላ ዕቃ ከማናውቀው ሰው ያለ ደረሰኝ ወይም ያለ ሻጩ መታወቂያ ቅጂ አንገዛም። የስልካችሁን መለያ ቁጥር *#06# ደውላችሁ ጻፉና ከስልኩ ሌላ ቦታ አስቀምጡት። ብስክሌቱ ላይ የማይፋቅ ምልክት ቅረጹ፤ ምልክት ያለበት ዕቃ ገዢን ያስፈራል። በአካባቢው ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥና የሚጠግን ሰው ካለ ሄዳችሁ አነጋግሩት። በወቀሳ አትጀምሩ። የጠፉትን ዕቃዎች ዝርዝር ስጡትና ቢመጡበት እንዲደውልላችሁ ጠይቁት። ንጹሕ ከሆነ ይተባበራችኋል። ካልሆነም እንደምታዩት አውቋል።

ፖሊስ ጋ የምትሄዱበት ጊዜም አለ። ከልጁ ጀርባ የሚልከው ወይም የሚገዛው ትልቅ ሰው ካለ፣ ነገሩ ገና ሳይባባስ ያን ሰው ለፖሊስ ጠቁሙ። ስለት ወይም ማስፈራራት ከገባበት ጥቃቅን ስርቆት መባሉ ቀርቷል። ልጁም ካሳውን ጨርሶ፣ ጊዜ ተሰጥቶት ዳግመኛ ከተያዘ፣ ወላጆቹ ሳያፍሩ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ይፈልጉ። ለወላጆቹ ይህን ከአሁኑ ንገሯቸው፤ በኋላ ሲሰሙት ዛቻ ይመስላቸዋል።